እናቱን የካደው የባሮሎ ወይን ጠጅ

ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፣ ተረት ላወራ ነው። ጆሮ የሌለው እዚያው ይቀመጥ፤ የማወራው ስለ እሱ ብጤ ነው።

ድሮ ነው፤ ግንዱም በርሜሉም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን። በጣልያን አገር በሰሜን በኩል፣ ባሮሎ በምትባል የኮረብታ መንደር፣ አንዲት አሮጊት የወይን ተክል ነበረች። ስሟ ኔቢዮሎ ይባላል። ስሟን ያገኘችው ከጉም ነው ይላሉ፤ በአገሬው ቋንቋ ጉም ኔቢያ ነውና። ሌሎቹ ወይኖች ተለቅመው፣ ተረግጠው፣ ተዘፍኖላቸው ካበቃ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ ጉሙ ኮረብታውን ሲያለብሰው ነው የእሷ ፍሬ የሚበስለው። የፍሬዋ ቆዳ ስስ፣ አመሏ አስቸጋሪ፣ ሥራዋ ዝግ ያለ ነበር።

የእርሻው ባለቤት ኦታቪዮ ይባላል። ከአባቱ መሬት ወርሷል፣ ዶማ መያዝን ግን አልወረሰም። በየዓመቱ ከእርሻው ዳር ቆሞ፣ ይቺ አሮጊት መቼ ነው የምትደርሰው እያለ ያጉረመርማል። እሷም አትመልስለትም።

ኔቢዮሎ ከፍሬዋ አንድ የወይን ጠጅ ወለደች። ልጁ ገና ለጋ ሳለ የቀመሰው ሰው ሁሉ ግራዋ እንዳኘከ ፊቱን ያጨማድድ ነበር። ኦታቪዮ ከቦይ ሊደፋው ተነሣ። ያን ጊዜ እናቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፈተች።

«ጌታዬ፣ ልጄ ክፉ አይደለም፤ ጊዜ ነው ያጠረው። አራት ዓመት ብቻ ታገሠው።»

ኦታቪዮ ታገሠ። ከትዕግሥት አይደለም፣ ለመድፋትም ስለሰነፈ ነው። ልጁን ምድር ቤት ውስጥ ከአንድ ትልቅ አሮጌ በርሜል ጨመረውና ረሳው። በአራተኛው ዓመት ቢከፍተው፣ ያ መራራ ልጅ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይሸታል። እንግዶች መጡ፣ ቀመሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የወይን ጠጆች ንጉሥ ነው አሉት። ስሙንም በመንደሩ ስም ባሮሎ ብለው አወጡለት፤ በጠርሙስ ሞሉት፣ ቡሽ ደፈኑበት።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው? ቡሽ አፉን ደፍኖት እንኳ ዝም አላለም። ጎኑ የተቀመጠውን የባርቤራ ወይን ጠጅ፣ ያን ገበሬ ሁሉ ከምሳው ጋር የሚጠጣውን፣ ራቅ በልልኝ ሽታህ ይጋባብኛል ይለው ነበር። ባርቤራም እሺ ጌታው ብሎ ራቅ አለ። ጎረቤቱን ራቅ በል ያለ፣ እናቱን ምን እንደሚል ስሙ።

በዚያ ዓመት ኔቢዮሎን በረዶ መታት። ቅጠሏ ተበጣጠሰ፣ ዘለላዋ አነሰ። ኦታቪዮም እነቅላታለሁ እያለ በየሰው ፊት ይፎክር ጀመር። እሷም ጉሙን ለመነችው፤ ወደ ልጄ ሂድልኝ፣ ኦታቪዮ ሲቀምሰው ስለ እኔ አንድ ቃል እንዲናገርልኝ ንገረው አለችው። ወይን ጠጅ ለጠጪው ይናገራል፣ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ጉሙ በምድር ቤቱ መስኮት ገብቶ መልእክቱን አደረሰ። ባሮሎ ግን እንዲህ ያለች ሴት አላውቅም አለ። እኔ የዚህ መንደር ልጅ ነኝ፣ ስሜም የመንደሩ ነው፣ በረዶ የመታው ጭራሮ ሁሉ እናትህ ነኝ እያለ ቢመጣ እኔ ምን ላድርግ አለ። ጉሙ እንደገባ ወጣ።

ቀጥላ በቅሎ ሄደች። ይህች በቅሎ ከጅረቱ ማዶ የምትኖር ዶሜኒካ የምትባል ባልቴት ንብረት ናት፤ በለቀማ ጊዜ እየተከራየች የኔቢዮሎን ፍሬ የተሸከመችው እሷ ናት። አንተን ገና ፍሬ ሳለህ በዚህ ጀርባዬ ያመጣሁህ፣ እንዴት እናቴን አላውቅም ትላለህ ብላ ጠየቀችው። ባሮሎም እናቴ በርሜሉ ነው፣ ያሳደገኝ እሱ፣ ሽታ የሰጠኝ እሱ፣ ከእንጨት እንጂ ከፍሬ አልተወለድሁም ብሎ መለሰላት።

በቅሎ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጠፈች።

«እኔን ሰው አባትሽ ማነው ብሎ ሲጠይቀኝ ፈረስ አጎቴ ነው አልሁ ተብሎ እስከ ዛሬ ይተረትብኛል» አለችው። «እኔ እንኳ አባቴን ሸሸግሁ እንጂ፣ ዘመድ የለኝም አላልሁም። አንተ ግን ከአጎትም ጭምር ተፋታህ። የእኔን ተረት ውሰደው፣ ላንተ ይሁን።»

ይህን ብላ ወጣች። ባሮሎ፣ በቅሎ ደግሞ ምን ታውቃለች ብሎ ሳቀ።

በሦስተኛው ኦታቪዮ ራሱ ጠየቀው። እንግዶች ጠርቶ፣ ማዕድ አስቀርቦ፣ ባሮሎን ቀዳና ተጎነጨ። ከዚያም ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ፣ ይህን ጣዕም ያገኘኸው ከማን ነው አለው። ምድር ቤት ያለው በርሜል፣ ደጅ ያለችው በቅሎ፣ ተዳፋቱ ላይ ያለችው አሮጊት፣ ሁሉም ጆሯቸውን ጣሉ። ከዚህ በላይ የሚቀል ነገር አልነበረም። አንድ ቃል ነበር።

«ከማንም አይደለም» አለ ባሮሎ። «ከበርሜሉና ከስሜ ነው።»

ኦታቪዮም ደስ አለው። ስንፍናውን የሚደግፍለት ምስክር አገኘ። በርሜሉ ካለኝ፣ ስሙ ካለኝ፣ ይህችን ዘገምተኛ አሮጊት ምን አደርጋታለሁ አለ። በክረምቱ አራት ሰዎች ዶማ ይዘው መጡና ኔቢዮሎን ከነሥሯ ነቀሏት። የዶማውን ድምፅ ምድር ቤት ሆኖ የሰማው ልጇ፣ ውጭ ምን ይንኳኳል ብሎ ጠይቆ፣ መልስ ሳይጠብቅ ስለ ራሱ ማውራቱን ቀጠለ።

ግንዱ ለማገዶ ተከመረ። ባልቴቲቱ ዶሜኒካ፣ ለምድጃዬ ይሆነኛል ብላ ለምና በቅሎዋን ጫነች። በቅሎዋ ግን ከጅረቱ ድንጋይ ላይ ስትደርስ ቆመች። ቢጎትቷት አልሄድም አለች፣ ቢመቷት አልሄድም አለች። ዶሜኒካ ምን ሆንሽ አለቻት።

«የጫንሽብኝ ማገዶ አይደለም እመቤቴ» አለች በቅሎ። «ይተነፍሳል።»

ዶሜኒካ ከጭነቱ አንዱን ቅርንጫፍ ሳብ አድርጋ በጥፍሯ ቧጠጠችው። ከልጡ ሥር አረንጓዴ ነው። ሴትዮዋ በዚያ ክረምት ምድጃዋን ሳታነድ ብርዱን በብርድ ልብስ አሳለፈችው። እንቡጥ ያለበትን ቅርንጫፍ ሁሉ ቆርጣ በአሸዋ ቀበረችው፤ ብርዱ ሲያልፍ ከጅረቱ ማዶ ካለችው ድንጋያማ መሬቷ ላይ አንድ በአንድ ተከለችው። ኦታቪዮ በዚያ ሲያልፍ አያት። ማገዶ ተከለች ብሎ ለመንደሩ አወራ፤ መንደሩም ሳቀባት። እሷ ውኃዋን ትቀዳለች።

ኦታቪዮ በኔቢዮሎ ቦታ ዶልቼቶ የምትባል ሌላ የወይን ተክል ተከለ። ዶልቼቶ ቶሎ ትደርሳለች፣ ብዙም አታስቸግርም፣ ደግሞም ቅን ናት። ገና ሲተክላት እውነቱን ነገረችው። ፍሬዬን ጨምቀህ በዓመቱ ጠጣኝ፣ ከምግብ ጋር ደስ እልሃለሁ፤ ለዓመታት በርሜል ውስጥ አትዝጋብኝ፣ እኔ የሚቆይ ልጅ የለኝም አለችው። ኦታቪዮ ግን ማንን ሰምቶ ያውቃል? ፍሬዋን ጨመቀ፣ ከዚያው አሮጌ በርሜል ከተተው፣ አራት ዓመት ዘጋበት። ያኔ ስም የሚጠብቅ ደንብ ገና አልተጻፈም ነበርና፣ ይህንንም ባሮሎ ብሎ ሰየመው።

ቀኑ ደረሰና እነዚያ እንግዶች ተመልሰው መጡ። ኦታቪዮ ሁለት ብርጭቆ አቀረበ። ባንዱ የመጨረሻውን የድሮ ጠርሙስ ቀዳ፣ በሌላው አዲሱን። ታናሽ ወንድምህ ነው፣ መስክርለት አለው አሮጌውን።

እንግዶቹ አዲሱን ቀመሱ። የደከመ፣ የገረጣ፣ ሲጠብቅ ያረጀ ነገር ነው። አንዱ አንገቱን ዞር አድርጎ መሬት ላይ ተፋው። ከዚያም የእንግዶቹ ታላቅ፣ ነጭ ጢም ያለው ሰው፣ ወደ አሮጌው ጎንበስ ብሎ ጠየቀው።

«ጣዕሜ ከበርሜሉና ከስሜ ነው ብለህ ነበር። ይህንንም ያሳደገው ያው በርሜል ነው፣ ስሙም ያው ስም ነው። ታዲያ ለምን አንተን አልመሰለም?»

ባሮሎ አፉን ከፈተ። እናቴ ሊል ፈለገ፤ ግን ማን ብሎ ይጥራት? በየት በኩል ናት ይበል? በመስኮቱ የሚታየው ተዳፋት የዶልቼቶ ነው። ሽማግሌው መልሱን ቢጠብቅ ቢጠብቅ አጣና፣ ብርጭቆውን አንሥቶ ጨለጠው። ባሮሎ አለቀ። ያ ሁሉ ንጉሥነት አንድ ጉሮሮ አልሞላም። ሠራተኛዋም ጠርሙሱን አለቅልቃ ኮምጣጤ ሞላችበት።

እንግዶቹ አዝነው ሲመለሱ ጅረቱን ተሻገሩ። ዶሜኒካ ደጇ ላይ ቆማ ነበር፤ ደክሟችኋል፣ አረፍ በሉ ብላ ለዓመታት ያቆየችውን የወይን ጠጅ ከእንስራዋ ቀዳችላቸው። ሽማግሌው አንድ ጊዜ ተጎነጨና ቁጭ አለ። ጽጌረዳው፣ ጥንካሬው፣ ያ ሁሉ አለ፤ ደግሞ የድንጋይ ኃይል ተጨምሮበታል። ወይ ባሮሎ፣ እዚህ ነህ እንዴ አለ።

«አይደለም አባቴ» አለች ዶሜኒካ። «የመንደሩ ስም ጅረቱን አይሻገርም፣ እኛም አንፈልገውም። እናቱ ኔቢዮሎ ትባላለች። እሱም ማነህ ሲሉት፣ ኔቢዮሎ ነኝ ይላል።»

ሽማግሌው ተነሥቶ ወደ ድንጋያማው መሬት ሄደ። በዚያ ፍሬዋ ገና ያልበሰለ፣ ጉም የለበሰች ተክል ቆማለች። ባርኔጣውን አወለቀላት።

በስም የሰከረ በኮምጣጤ ይነቃል፤ እናቱን የሸጠ ጠርሙስ ሆኖ ይቀራል። እኔ የሰማሁትን አደረስኩ፤ የእናቱን ስም የሚያውቅ ጠርቷት ይተኛ፣ የማያውቅ ጠይቆ ይደር።