ቀለሃውና የቆረቆንዳዋ ፍንካች

ተረት ተረት ስላችሁ «እህ» በሉኝ። ዝም ካላችሁኝ ተረቱ ሰው የሌለበት ቤት የመጣ መስሎት ከደጅ ይመለሳል። «እህ» አላችሁ? እንግዲያው ስሙ።

ድሮ፣ ዕቃ ከዕቃ ጋር በሚያወጋበት ዘመን፣ በአንድ ገደል አፋፍ ላይ አያ ጎሹ የሚባል አዳኝ ከሚስቱ ከደብሪቱ ጋር ይኖር ነበር። አያ ጎሹ አንድ አሮጌ ጠመንጃና አንድ ዝናር ነበረው። ገበያው ሩቅ ስለሆነ፣ ተኩሶ ሲያበቃ ባዶዎቹን የናስ ቀለሃዎች ከሣሩ ውስጥ ይለቅማል። ወደ ቤቱ ወስዶ ያጸዳቸዋል፤ ባሩድ ይሞላቸዋል፤ አፋቸው ላይ አዲስ እርሳስ ይሰካባቸዋል፤ ከዚያም መልሶ ይተኩሳቸዋል።

ከቀለሃዎቹ ሁሉ አንዱ አርጅቶ ነበር። ከንፈሩ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ምልክት አለበት። እሱ ቀለሃ ከዓለም ነገር ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይመኝ ነበር፤ አብሮት የሚቀር።

የመጀመሪያው እርሳስ «ደርሼ እመለሳለሁ» አለው። ዷ! ብሎ ሄደ፤ አልተመለሰም።

ሁለተኛው እርሳስ «እዚያው ጠብቀኝ» አለው። ዷ! ብሎ ሄደ፤ አልተመለሰም።

ሦስተኛው እርሳስ ምንም አላለውም። ዷ! ብቻ።

ቀለሃ ሁልጊዜም ሣር ውስጥ ይወድቃል። ትኩሳቱ ቀስ እያለ ይበርዳል። አፉን እርሳሱ ወደ ሄደበት አቅጣጫ አዙሮ ይጠብቃል፤ የሚመጣው ግን የአያ ጎሹ እጅ ብቻ ነው።

አንድ ዓመት መስከረም ሲጠባ ነብር ከገደሉ ብቅ እያለ ከጉረኖው ግልገል መውሰድ ጀመረ። አያ ጎሹ ተቆጣ። ቀለሃዎቹን አወጣ፤ ሁሉም ጥቀርሻ ለብሰዋል። ደረቅ የበቆሎ ቆረቆንዳ በሙቀጫ ሸክሽኮ፣ ሽክሻኪውንና ቀለሃዎቹን አንድ ላይ ቅል ውስጥ ጨመረ፤ ቅሉን ከምሰሶው ላይ አንጠልጥሎ እንደ ወተት ይንጥ ጀመር።

ደብሪቱ ከጓሮ ስትገባ አየችው።

«አንተ ሰውዬ! ያ የወተት ቅሌ አይደለም እንዴ?»

«የተሰነጠቀው ነው፣ ደብርዬ።»

«ቢሰነጠቅስ? ወተት እንጂ ብረት ይናጥበታል?»

«ጥቀርሻውን ቆረቆንዳው ይልጥልኛል። ምን ላድርግ?»

«በል እንግዲህ፣ ቅቤው ሲወጣ ጥራኝ። ፀጉሬ ደርቋል!»

ቅሉ ውስጥ ጨለማ ነበር። ቀለሃዎቹ ይንከባለላሉ፤ የቆረቆንዳው ሽክሻኪ ይፈስሳል። ቅሉ ራሱ ያጉረመርማል።

«እኔ ወተት የለመድሁ ነኝ» ይላል ቅል። «ወተት ሲናጥ ይዘፍናል። እናንተ ግን ታንኳኳላችሁ። ወይ ወተቴ! ወይ ወተቴ!»

ከሽክሻኪው መካከል አንዲት ፍንካች ነበረች፤ ከቆረቆንዳው ልብ የተሰበረች፣ ቀላል፣ ሸካራ። ቅሉ ሲወዛወዝ አሮጌው ቀለሃ ውስጥ ገባች።

«ይቅርታ» አለች ፍንካች። «ተገፍቼ ነው።»

«ምንም አይደል» አለ ቀለሃ። «ቦታ ሞልቶኛል።»

«ለምን ባዶ ሆንህ?»

«የነበሩት ስለ ሄዱ። አንቺስ ለምን እንዲህ ተቦረቦርሽ?»

«የነበሩት ስለ ሄዱ» አለች ፍንካች። «ፍሬዎች ነበሩኝ፤ ጎን ለጎን ተደርድረው፣ ጥርስ የመሰሉ። አንድ ቀን ሰዎች ተቀምጠው እያወጉ ፈለፈሏቸው። ይኸው፣ እያንዳንዱ ፍሬ የነበረበት ጉድጓድ እስከ ዛሬ አለብኝ።»

ቀለሃ እንዲህ ያለ ነገር ከሌላ አፍ ሰምቶ አያውቅም።

ቅሉ በተናጠ ቁጥር ፍንካች የቀለሃን ውስጡን ታሻሸዋለች። የመጀመሪያውን እርሳስ ጥቀርሻ አነሣችለት። የሁለተኛውን አነሣችለት። የሦስተኛው ደርቆ ኖሮ ቆየባት፤ እሱንም አነሣችለት። እሷም የእሱን ጥቀርሻ ጠጥታ ጠቆረች። ቀለሃ ግን በውጭም በውስጥም የንጋት ፀሐይ መሰለ።

«አትሂጂ» አላት።

«ማን ጠራኝና» አለች።

ቀለሃም ይህ ቅል ለዘላለም ቢናጥ ብሎ ተመኘ።

የመለየቱ ቀን ግን መጣ። አያ ጎሹ ዓይኑ ሰፋ ያለ ወንፊት አመጣና ቅሉን ገለበጠበት።

አያ ወንፊት ጉረኛ ነበር። «ስሙ!» አለ። «እኔ ዘንድ ዝምድና የለም። የሚያልፍ ያልፋል፣ የሚቀር ይቀራል። ኋላ ‹ሳልሰናበት› ብሎ የሚያለቅስብኝ እንዳይኖር!»

አያ ጎሹ ነቀነቀው። ቆረቆንዳው እንደ ዝናብ ወረደ፤ ቀለሃዎቹ ከላይ ቀሩ። አሮጌው ቀለሃ ግን አፉን ወደ ላይ አንጋጦ በጓደኞቹ መካከል ተወሸቀ፤ ፍንካችም ከውስጡ አልወጣችም።

«ጨርሻለሁ» አለ አያ ወንፊት።

«ምኑን ጨረስህ!» አለች ደብሪቱ ጠጋ ብላ። «እየው፣ ስንቱ ፍርፋሪ ውስጣቸው ተቀርቅሮ ቀርቷል። በል ሰፌዴን አቀብለኝ። ኋላ ሳታጥብልኝ ወደ እህሌ እንዳትመልሳት ብቻ!»

እትዬ ሰፌድ ለስላሳ ምላስ ነበራት። «ኑ ልጆቼ» አለች። «ከባዱ ወደ መሐል፣ ቀላሉ ወደ ዳር። ማንንም አላስገድድም፤ ዞር ዞር ብቻ አደርጋችኋለሁ።»

ደብሪቱ አንገዋለለች። ቀለሃዎቹ ተገለባበጡ፤ ከሆዳቸው የቀረው ፍርፋሪ ወጥቶ ወደ ዳር ሸሸ። አሮጌው ቀለሃም ተገለበጠ። ፍንካች ልትወድቅ ነበር፤ እሱ ግን «ተጋደሚ! ወገቤ ውስጥ ተጋደሚ!» አላት። ሸካራ ጎኗን ግራና ቀኝ አስደግፋ ተጋደመች፤ ተቀረቀረች፤ ቀረች።

«አየሽ?» አላት ቀለሃ። «እኛን የሚለይ የለም።»

«እስኪ» አለች ፍንካች።

አያ ጎሹ በሩ ላይ ተቀመጠ፤ ቀለሃዎቹን ሳንቃ ላይ ደርድሮ አንድ በአንድ እያነሣ በአፋቸው ላይ እፍ ይል ጀመር። ውስጡ የጸዳ ቀለሃ ሲነፉት ያፏጫል። አንዱ ፊው! አለ። ሌላው ፊው! አለ። ሌላውም ፊው!

የአሮጌው ቀለሃ ተራ ደረሰ። ፍስስስ አለ።

አያ ጎሹ ደግሞ ነፋው። ፍስስስ።

«ይህ ውስጡ ነገር አለበት» አለች ደብሪቱ። «ተወው።»

አያ ጎሹ ወደ ውስጡ አጮልቆ አየ፤ ዓይኑ ደክሟልና ምንም አልታየውም። «የለበትም። አርጅቶ ነው። ድምፁ እንደ እኔ ጎርንኖ ነው። ይህ ሽማግሌ ከድቶኝ አያውቅም፤ እሞላዋለሁ።»

«ሰውዬ፣ በኋላ ቢከሽፍስ?»

«አይከሽፍም አልሁሽ!» አለና ሳንቃው ላይ ለብቻው አቆመው።

ይህን ጊዜ ቀለሃ አንድ ነገር አሰበ። ከሸፈ ማለት፣ ፍንካች መንገዱን ዘግታለችና፣ እሳቱ ባሩዱን አያገኝም። እሳቱ ባሩዱን ካላገኘ እርሳሱ አይሄድም። ፍንካች ትቀራለች፤ እርሳሱም ይቀራል። ማንም ከእሱ አይሄድም፤ ዳግመኛ ማንም!

«ሰምተሻል?» አላት በደስታ። «እከሽፋለሁ!»

ፍንካች ግን የምታዳምጠው ሰዎቹን ነበር።

ደብሪቱ ሰፌዷን አስቀምጣ ከባሏ አጠገብ ተቀምጣለች። ድምጿ እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ነገ ትወርዳለህ?»

«ሲነጋ እወርዳለሁ።»

«አንተ ስትወርድ እኔ የምሆነውን ታውቃለህ?»

«ምን ትሆኛለሽ? ቤትሽ ትቀመጫለሽ።»

«ቤቴ አልቀመጥም። እዚህ ደፍ ላይ እቀመጣለሁ። ተኩስ ሲሰማ እነሣለሁ። ከዚያ ዝም ይላል። ማን እንደ ወደቀ፣ ነብሩ ይሁን አንተ፣ አላውቅም። ፊቴን አንተ ወደ ሄድህበት አዙሬ ስጠብቅ እውላለሁ። እህል ከአፌ አይገባም። ጎሹ፣ ያ ዝምታ ነው የሚገድለኝ።»

አያ ጎሹ እጇን ያዘ።

ቀለሃ ይህን ሰማ። ሣሩ ትዝ አለው። እየበረደ መሄዱ ትዝ አለው። ፊትን ወደ ሄደው ማዞር ምን እንደሆነ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? እሱ ቢከሽፍ ነብሩ አይከሽፍም። እሱ የወደደችውን ይዞ ይቀራል፤ ደብሪቱ ግን ደፍ ላይ ትቀራለች፤ ወደ ገደሉ እያየች፣ ለዘላለም።

«ሰማሃት?» አለች ፍንካች።

«ሰማኋት።»

«እንግዲያው ልቀቀኝ።»

«ከለቀቅሁሽ ወዴት ትሄጃለሽ?»

«ቀላል ነኝ። ነፋስ ያውቃል።»

«ትመለሻለሽ?»

«እንደ እርሳሶችህ አልዋሽህም» አለች ፍንካች። «አልመለስም። ግን ከጠራኸኝ እሰማሃለሁ።»

ቀለሃ ወደ ውስጡ አንዴ ተመለከታት። በጥቀርሻው ጠቁራለች። ጉድጓዶቿ ሁሉ የእሱን ጥላሸት ይዘዋል። ከዚያ በሳንቃው ጠርዝ በኩል ጋደል አለ፤ ተንከባለለ፤ ወደቀና አፉ ከደፉ ድንጋይ ጋር ተጋጨ። ቂው! ፍንካች ከወገቡ ተላቅቃ ወጣች፤ ነፋሱም ደፉ ሥር ወዳለው ስንጥቅ አንከባለላት።

«ኧረ ወደቀብህ!» አለች ደብሪቱ።

አያ ጎሹ አነሣው። እንደ ልማዱ በአፉ ላይ እፍ አለ።

ፊ—ው—ው—ው።

የሌሎቹ ፉጨት አጭር ነበር። የዚህ ግን ረዘመ፤ ግቢውን አቋረጠ፤ ከገደሉ ማዶ ደርሶ ተመለሰ።

«ምነው ይህስ?» አለች ደብሪቱ ክንዷን እያሻሸች። «ሰው የሚጠራ ይመስላል።»

በማግሥቱ ሲነጋጋ አያ ጎሹ የተሞሉትን ቀለሃዎች በዝናሩ ይዞ ወደ ገደሉ ወረደ። ነብሩን ከዋርካው ሥር አገኘው። አንድ ተኮሰ፤ ድንጋይ መታ። ሁለተኛ ተኮሰ፤ ቅርንጫፍ ቆረጠ። ነብሩ ዘወር አለ፤ አየው፤ ለመዝለል ዝቅ አለ። አያ ጎሹ እጁን ወደ ዝናሩ ሲሰድድ ያገኘው አሮጌውን ቀለሃ ነበር።

አራተኛው እርሳስ «ደርሼ እመለሳለሁ» ሊል አፉን ሲከፍት፣ ቀለሃ ቀደመው።

«ሂድ ወንድሜ። መንገድህ የቀና ይሁን።»

ዷ!

ነብሩ በዘለለበት ወደቀ። ገደሉ ዝም አለ።

አያ ጎሹ ከሣሩ ውስጥ ቀለሃውን ለቀመ። ገና ሞቅ ይላል። ዳገቱን ሊጀምር ሲል የደብሪቱ ነገር ትዝ አለው፤ ያ ዝምታ። ቀለሃውን ወደ ከንፈሩ አስጠጋና ነፋው።

ፊ—ው—ው—ው።

ደብሪቱ ደፍ ላይ ነበረች። ፉጨቱን ሰማች። ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደችና አለቀሰች፤ ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ እሳት ልታነድ ተነሣች።

ከእግሯ ሥር፣ ከደፉ ስንጥቅ ውስጥ፣ አንዲት ጥቁር ፍንካችም ሰማች።

አያ ጎሹ ከዚያ ወዲህ ከአደን ሲመለስ ያን ቀለሃ ሳይነፋ ዳገት ወጥቶ አያውቅም። ሰው ሁሉ «አያ ጎሹ በደህና ተመለሰ» ይላል። ልክ ነው። ቀለሃ ግን የሚጠራት ሌላ ናት፤ የምትሰማውም እሷ ናት።

የራሱን ናፍቆት በሌላው ፊት ላይ ያየ ሰው፣ የያዘውን ቢሳሳለትም ይለቃል። የተለቀቀውም ነገር በባዶው ቦታ ድምፅ ሆኖ ይቀራል።

ተረቴ ከእኔ ወጥቶ ወደ እናንተ ሄደ። አልጠብቀውም፤ እናንተ ግን «እህ» እያላችሁ አሳድሩልኝ።