ምንተስኖት የገዛት ረጅሟ ሞተር

በሰፈራችን ሞተር ሊገዛ የተነሳ ሰው ካለ፣ ሽማግሌውም ጎረምሳውም አንዲት አባባል ሳይነግረው አይሸኘውም። ሰዉ ከጥንት የወረሳት ይመስለዋል። የለም፤ ከየት እንደመጣች እኔ አውቃለሁ፣ ከባለታሪኮቹ ጋር ግቢያችን አንድ ነውና። ባላውቅ ግን በወደድኩ።

ምንተስኖት ልብስ ሰፊ ነው፤ ቁመቱ አጠር ያለ፣ እጁ የተባረከ። እናቱ እትዬ ዘርፌ ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ወደ ተወለዱበት ቀበሌ ሄደው አያውቁም። እዚያ ከልጃገረድነታቸው ጀምሮ የሚጠጡት የማርያም ማኅበር አለ። ማኅበርተኞቹ እያረጁ፣ አንዳንዶቹም እያለፉ ነው። «አንድ ጊዜ ብቻ አጠገባቸው ተቀምጬ ጽዋ ብቀምስ» ይሉ ነበር እትዬ ዘርፌ። መንገዱ ግን መኪና የማይወጣው ዳገት ነው። ስለዚህ ምንተስኖት ሞተር መንዳት ተማረ፤ ኳስ ሜዳው ላይ ሲዞር ከርሞ መንጃ ፈቃዱን እንዳወጣ ያገለገለ ሞተር ፍለጋ ገባ።

ጤና ጣቢያ የምትሠራው ሲስተር ሐረገወይን ወደ ሌላ ከተማ ልትዛወር ስለነበር ሞተሯን አቀረበችለት። ትንሽ፣ ዝቅ ያለች፣ በደንብ የተያዘች ሞተር ናት። ምንተስኖት ሲቀመጥባት ሁለቱም እግሮቹ መሬት ረገጡ።

«አየህ? ለጀማሪ ዋናው ይሄ ነው» አለችው።

እዚያው ደላላው ሻረው ቆሟል። እሱ በሌለበት ሁለት ሰው ሲስማማ ማየት የሚያንገበግበው ፍጥረት ነው። ከኋላው የሚሸጣት ቀይ ረጅም ሞተር ቆማለች።

«ይቺ እኮ አህያ ናት» አለ፣ የሲስተርን ሞተር በጫማው ነካ አድርጎ። «እናትህን በአህያ ጭነህ ነው አገራቸው የምታስገባቸው? በቅሎዋ ያቻትልህ።»

የቆመው ሁሉ ሳቀ። በእኛ አገር ደግሞ የተከበረ ሰው በበቅሎ እንጂ በአህያ አይሄድም፤ ምንተስኖት ይህን ሲሰማ ነው ያደገው። ፊቱ ቀላ። ሄዶ ቀይዋ ላይ ወጣ። የአንድ እግሩ ጣት ብቻ መሬቱን ጫር አደረገው።

«እግሬ አልደረሰም እኮ» አለ።

«ሲሄዱ እግር ምን ያደርጋል?»

«ሲቆሙስ?» አለች ሲስተር ሐረገወይን።

ሻረው መልስ አያጣም። «በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው እግሩ መሬት ሲነካ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሰዉ እንደገና ሳቀ፤ ምንተስኖትም አብሮ ሳቀና ቀይዋን ገዛ።

የማኅበሩ ዕለት እትዬ ዘርፌ ነጭ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከልጃቸው ኋላ ተቀመጡ። ጎረቤቱ ወጥቶ መርቆ ሸኛቸው። እኔም ነበርኩ፤ ያን ፈገግታቸውን ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ዳገቱን አጋምሰው ሳለ ጭነት የያዙ አህዮች መንገዱን ዘግተው ከላይ ወረዱ። ምንተስኖት ፍሬን ያዘ። ሞተሯ ቆመች። እግሩን ቢዘረጋ መሬት አላገኘም። ወድቀው የተጎዱት በፍጥነት አይደለም፤ ሞተሯ ቀስ ብላ ነው የተጋደመችው። እሱ ተስፈንጥሮ ተነሳ፣ እናቱ ግን ከሥሯ ቀሩ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር።

ሐኪም ቤቱም ወጌሻውም የቻሉትን አደረጉ። እትዬ ዘርፌ ግን ከዚያ ወዲህ መንገዳቸው ከአልጋ እስከ ደጃፍ ሆነ፣ እሱንም በሰው ክንድ። ማኅበርተኞቹ ሊጠይቋቸው መጥተው ጽዋውን አቀመሷቸው። አገራቸውን ግን ዳግም አላዩም።

ምንተስኖት እግራቸው ሥር ተቀምጦ «ለክብርሽ ብዬ ነበር እኮ፣ እማዬ» እያለ ያለቅስ ነበር።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» ይሉታል። «እኔ ግን በአህያም ብደርስ ደስ ይለኝ ነበር።»

በኋላ ቀይዋን ለመሸጥ ቆረጠ። ሻረው አንድ ገዢ ይዞ መጣ፤ እሱም መንዳት የጀመረው በቅርቡ ነው፣ ቁመቱም ከምንተስኖት አይበልጥም። ሰውዬው ሞተሯን እየዳሰሰ ዓይኑ ይንከራተታል። ዋጋው ተቆርጦ ምንተስኖት ቁልፉን ሊሰጠው እጁን ሲዘረጋ፣ እትዬ ዘርፌ ከደጃፉ «ቆይ ልጄ፣ እስቲ ወጥተህ ተቀመጥባት» አሉት ገዢውን። ሰውዬው ወጣ። ሁለቱም እግሮቹ ተንጠለጠሉ። ምንተስኖት ቁልፉን መልሶ ኪሱ ከተተ፤ እትዬ ዘርፌም ሰውዬውን ትክ ብለው አይተው እንዲህ አሉት፦ «ውረድ፣ ልጄ፤ እግር ያልደረሰበትን ልብ አይግዛው።»