የባለቤቱ ጉድጓድ

አንድ ሸማኔ ነበረ።

ጥያቄሽን ረስቼ ወደ ተረት የገባሁ እንዳይመስልሽ፤ እየመለስኩልሽ ነው። «ጋሼ፣ ጠረጴዛዬን ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት አውርዱልኝ ብዬ አለቃዬን ብጠይቅ ልመና አይሆንብኝም ወይ?» ነው ያልሽኝ። ክራንችሽን ግድግዳዬ ላይ አስደግፈሽ፣ ዓይንሽን መሬት ላይ ተክለሽ እንዲያ ስትይ ደሜ ነው የፈላው። አሁን ቁጭ በዪና ስሚኝ።

ይህ ሸማኔ እጁ የተመሰገነ ነበር። ለሠርግ ጥለት ያማረ ነጠላ የፈለገ ሁሉ የሚጠራው እሱን ነው። የሚሠራው በአንድ ሀብታም ሰው የሽመና ቤት፣ ከሌሎች አሥራ አንድ ሸማኔዎች ጋር ነበር። ሽመና አይተሽ ከሆነ፣ ሸማኔ መሬት ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ከፊቱ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ይሰድዳል። ድሩን የሚከፍቱትና የሚዘጉት መርገጫዎች እዚያ ታች ናቸው። እጅ መወርወሪያውን ይወረውራል፣ እግር ይረግጣል። አንዱ ያለ ሌላው ምንም ነው።

በዚያ ቤት አንድ ደንብ ነበረ። አዲስ ሸማኔ ሲቀጠር ባለቤቱ ከግድግዳው ላይ ዘንግ አውርዶ የሰውየውን እግር ከጉልበቱ እስከ ተረከዙ ይለካል። ዘንጉ ላይ በቢላዋ ጭረት ያወጣና በዚያው ልክ ጉድጓድ ያስቆፍርለታል። ለረጅሙ ጥልቅ ይቆፈራል፣ ለአጭሩ ጎድጎድ ይደረጋል። በጉድጓዱ ያፈረ ሸማኔ አልነበረም። ስለ ጉድጓዱ እጅ የነሳም አልነበረም።

አንድ ክረምት ከዳገት የተንከባለለ ግንድ የዚህን ሸማኔ ቀኝ ጉልበት ሰበረው። ወጌሻ አሸው፣ አጥንቱ ገጠመ፤ ጉልበቱ ግን አልታጠፍ አለ። እግሩ እንደ ዘነዘና ቀጥ ብሎ ቀረ። ድኖ ወደ ሥራው ሲመለስ ጉድጓዱ አላስገባው አለ።

ወደ ባለቤቱ ሄደ። «ጌታዬ፣ ጉድጓዴ ወደ ፊት በአንድ ክንድ ተዳፋት ሆኖ ይርዘምልኝ። ይህ እግሬ ከድሩ ሥር ማረፊያ ያገኛል። መርገጫዎቹ ሁለቱም ወደ ግራ እግሬ ይምጡልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም» አለው። ወለሉ የባለቤቱ ነውና ያለ እሱ ፈቃድ ማንም አይቆፍርም።

ባለቤቱም «ለአንድ ሰው ብዬ ወለሌን ላፈርስ? ዛሬ ለአንተ ብቆፍር ነገ አንዱ ወገቤን፣ ሌላው ትከሻዬን ሊለኝ ነው። ግን አላባርርህም፤ እኔ እንዲያ ያለ ሰው አይደለሁም። በር ላይ ተቀምጠህ ማግ አጠንጥን፤ ምሳህንም ከቤቴ ብላ» አለው።

አየሽ፣ ጨካኝ አልነበረም። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ሙያውን ነጥቆት ምሳ ሰጠው። ጓደኞቹም «ተመስገን በል፣ ስንቱ ደጅ ወድቆ የለም ወይ» አሉት።

ሸማኔው በር ላይ ተቀምጦ ማግ አጠነጠነ። ጉድጓዱን ሳንቃ ከድነውበት የፈትል ቅርጫት ደረደሩበት። በሳምንቱ አንዲት ወይዘሮ ጋቢ ልታሠራ መጣችና በሩ ላይ ስታየው «እግዚአብሔር ይማርህ» ብላ ጭኑ ላይ ሳንቲም ጣለችለት። የለበሰችው ነጠላ ጥለቱን እሱ ራሱ የሠራው ነበር። ሸማኔው ሳንቲሙን አየ፣ ጥለቱን አየ። ያን ቀን አልበላም። እዚያ በር ላይ አንድ ወር ከቆየ ሸማኔ እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው እንደማይኖር ገባው፤ እሱም ራሱ ይረሳዋል።

ባለቤቱ ደግሞ አንድ ልማድ ነበረው። ድሮ ሸማኔ ስለነበር ሰኞ ሰኞ ጠዋት በራሱ ጉድጓድ ተቀምጦ የሳምንቱን የመጀመሪያ ክንድ ይሸምናል። «እጄ አልሞተም፣ እዩ!» ለማለት ነው። ሁሉም ቆመው ያዩለታል።

ሰኞ ማለዳ ሸማኔው ከሁሉም ቀድሞ ገባ። አካፋ ይዟል። የባለቤቱን ጉድጓድ አፈር ሞላው። በደኅናው እግሩ ረግጦ ደለደለው፣ መርገጫዎቹን ከላይ አጋደማቸው፣ ሰሌን አነጠፈበት። ከዚያ በር ላይ ሄዶ ማጉን ማጠንጠን ጀመረ።

ባለቤቱ መጣ። እግሩን ሊሰድድ ሲል ተረከዙ ደረቅ መሬት መታ። ሰው ፊት ነውና ማፈር አልፈለገም። እግሩን አጣጥፎ ሞከረ፣ ዘርግቶ ሞከረ። ጉልበቱ ድሩን ገፋው። መርገጫውን በእጁ ሲጫን መወርወሪያው ወደቀ፤ መወርወሪያውን ሲያነሳ ድሩ ተዘጋ። ላብ አጠመቀው። አንዱ ሽማግሌ ሸማኔ በጋቢው አፉን ሸፈነ።

«ማነው ይህን ያደረገ?» ብሎ ጮኸ።

«እኔ ነኝ» አለ ሸማኔው። «ምነው ጌታዬ፣ እጅዎ ሞተ እንዴ?»

«ጉድጓድ በሌለበት ማን ይሸምናል? መልስልኝ ጉድጓዴን!»

ሸማኔው እያነከሰ ሄዶ ዘንጉን ከግድግዳው አወረደ። «ይህ የመጀመሪያው ጭረት የማን ልክ ነው?»

«የእኔ ነዋ!»

«ማንን ለምነው አስቆፈሩት?»

ባለቤቱ ከሰሌኑ ላይ ተነሣ።

«አሥራ ሦስት እግር እዚህ ላይ ተለክቷል። አሥራ ሦስት ጊዜ ወለሉ ተቆፍሯል፤ ቤቱም አልፈረሰም። አሁንም ጉድጓድዎን መልስ ብለው አዘዙኝ እንጂ አልለመኑኝም። ልክ ነዎት፤ እመልሳለሁ። እኔም ጉድጓዴን ነው ያልኩዎት። ምሳ አልጠየቅሁም።» ዘንጉን ከነቢላዋው ሰጠው። «እግሬ ተለውጧል። እንደገና ይለኩኝ።»

ተቃቅፈው ተላቀሱ ብዬ አልዋሽሽም። ባለቤቱ ገላመጠው፣ ሰደበው፣ ቤቱን ጥሎ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ግን ቃል ሳይተነፍስ ቀጥ ያለውን እግር ለካ። እስከ ዕለተ ሞቱ ያቺን ጉድጓድ ባየ ቁጥር ያጉረመርም ነበር አሉ። ያጉረምርም! ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ሸማኔውም ሸምኗል።

«ቢያባርሩኝስ?» ልትዪኝ ነው። ሊያባርሩሽ ይችላሉ። ሸማኔውም አካፋውን ሲያነሳ ይህን አጥቶት አይደለም። «ዝም አይነቅዝም» የሚሉሽን አትስሚ፤ እኔ የማውቀው ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውን ነው።

አሁን ያንቺን መሥሪያ ቤት ልንገርሽ። ሰው ሁሉ ሦስተኛ ፎቅ ዘሎ መውጣት ስለማይችል ደረጃ ተሠራለት። በጨለማ ማየት ስለማይችል አምፖል ተሰቀለለት። ቆሞ መዋል ስለማይችል ወንበር ተገዛለት። አለቃሽ ይህ ሁሉ ተደርጎለት ተቀምጦ ነው፣ አንቺ አንድ ጠረጴዛ ይውረድልኝ ስትዪ ልዩ ነገር ፈለገች የሚልሽ። አንቺ እኮ የሱ ጉድጓድ ዳር የተቀመጥሽ ሸማኔ ነሽ፤ የአንቺ ልክ ገና ዘንጉ ላይ አልተጫረም እንጂ።

እስኪ ደብዳቤሽን አምጪው። ይኸው፣ «በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ» የምትል አለች። ሰርዢያት! «ሥራዬን የምሠራው ምድር ቤት ስቀመጥ ነው» ብለሽ ጻፊ። ፈርሚና ራስሽ ስጪው። «ለአንቺ ብቻ ብዬ?» ካለሽ ደረጃውን በጣትሽ አሳዪውና፣ «ይህን ማንን ለምነው አሠሩት?» በዪው።