የአያ ጅቦ ሸንጎና የኤሊ ጥያቄ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆች! አዋቂም ከፈለገ ይስማ፣ ማን ከልክሎት!

ድሮ ድሮ፣ ስሙን አያቴም ረስታው የነገረችኝ አንድ አገር ነበር። በዚያ አገር ዝናብ ጠፋ፣ ወንዙ ደረቀ፣ የአራዊቱ ምላስ ከላንቃቸው ተጣበቀ። ምን ይሻላል ብለው ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። ሸንጎውን ልምራ ብሎ ማን ብድግ ቢል ጥሩ ነው? አያ ጅቦ!

«ወገኖቼ፣ ውሃ ጥም ፈጀን፣ አይደል?» አለ።

«ነው!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

«እዚህ መቀመጥ ሞት ነው፣ አይደል?»

«ነው!»

«እኔ ከገደሉ ሥር ምንጭ አውቃለሁ። ልምራችሁ፣ አይደል?»

«ነው! ነው! ነው!»

ጉድ እኮ ነው! «ነው» ለማለትማ ምን ጭንቅላት ያስፈልጋል?

እመት ኤሊ ግን ዞር ብላ ልጆቿን አየች። የሦስቱ ልጆቿ ጀርባ ገና አልጠነከረም፤ ያን ገደል እንዴት ይወርዱታል? እንቢ ብትል ብቻዋን መቅረቷ ነው፤ እሺ ብትል ልጆቿ መንገድ ላይ ማለቃቸው ነው። እየፈራች አንገቷን አወጣች።

«አያ ጅቦ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ወገኖቼ፣ ዛሬ እርጥብ ነገር ያየ ማነው? የትስ አየው?»

እንዲህ ተብለው ተጠይቀው አያውቁማ። ኤሊ ደግሞ መጠበቅ ትችልበታለች፤ ጠበቀች። በመጨረሻ ከርከሮ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ... የጠየቀኝ ስለሌለ ነው እንጂ፣ ከወንዙ መታጠፊያ ስቆፍር አፍንጫዬ ጭቃ ይዞ ወጣ።»

«ከዚያስ?» አለች ኤሊ።

«ከዚያማ ትልቅ ድንጋይ አገደኝ፣ ተውኩት።»

«ድንጋዩን የሚያውቀው አለ?»

«እኔ!» ብላ ጃርት ዘለለች። «ጎሬዬ እዚያው ነው! ተኝቼ ከሥሩ ጠብ ጠብ ሲል እሰማዋለሁ!»

«ታዲያ በምን እናንሳው?»

«ይሄ ትከሻ ለመቼ ነው!» አለ ጎሽ።

ያኔ ሸንጎው ተንጫጫላችሁ! አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይቀጥላል፤ ያ ሁሉ ዝምተኛ አፍ አወጣ! አያ ጅቦ ተቁነጠነጠ፣ ተቁነጠነጠና አላስችል አለው።

«ወሬ ይብቃ! ዘመዶቼ ገደሉ ሥር እስከ መቼ ይጠብቋችሁ? ርቧቸዋል እኮ!»

ወዲያው አፉን ያዘ። ምን ዋጋ አለው፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ! ጎሽ ቀንዱን ሲያዞርበት አያ ጅቦ ጭራውን ቆልፎ እግሬ አውጪኝ አለ።

አራዊቱ እየተሯሯጡ ወደ መታጠፊያው! ጃርት አሳየች፣ ከርከሮ ማሰ፣ ጎሽ ትከሻውን ሰጥቶ ገፋ። ድንጋዩ ሲንከባለል ውሃው ቡልቅ! ጭፈራው፣ እልልታው! እመት ኤሊ ከነልጆቿ የደረሰችው ከሁሉም ኋላ ነው። ያ ሁሉ የተጠማ አውሬ ግን ከንፈሩን ሳያረጥብ መንገድ ከፍቶ ቆመላት፤ መጀመሪያ የጠጡት ሦስቱ ትንንሾች ናቸው። እሷም በደስታ አለቀሰች።

ለዚህ ነው አበው «አይደል ባይ መንጋ ይነዳል፤ ምን አያችሁ ባይ ምንጭ ይቀዳል» የሚሉት።