«እኔም» የሚል መልስ ብቻ ያገኘ ጥያቄ

አንድ የሒሳብ አስተማሪ ከብዙ ዓመት በፊት ዝምተኛ ተማሪውን ከክፍል ስትወጣ አስቁሞ እንዲህ አላት፦ «ስመኝ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። አንቺ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥተሽ የጠየቅሽውን አጠገብሽ የተቀመጠችውም ልጅ ልትጠይቅ ፈልጋ ፈርታ ነው። አንቺ መልሱን ስታገኚ ደስ ብሎሽ ደብተርሽ ላይ ታቀረቅሪያለሽ፤ እሷ ግን እንዳልገባት ቀረች። ሌላ ጊዜ መልስ ስታገኚ ዞር ብለሽ እያት።»

ስመኝ አንገቷን ደፍታ «እሺ ቲቸር» አለች። ዞር ብላ ለማየት ግን ጊዜ አላገኘችም። በዚያው ዓመት አባቷ አረፉ፤ ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ ታናናሾቿን ስትጠብቅ ቆየች፤ ከዚያም አገባች። የአስተማሪው ነገር ከሒሳቡ ጋር አብሮ ተረሳ።

የመጀመሪያ ልጇ መባ ስትወለድ ሁለቱም እግሮቿ ወደ ውስጥ ዞረው፣ ውስጥ እግሮቿ እርስ በርስ የሚተያዩ ይመስሉ ነበር። ምጡ ቸኩሎ ቤት ውስጥ ስለተወለደች ያያት ባለሙያ አልነበረም። አማቷ እማማ የሽመቤት የሕፃኗን እግር በቅቤ እያሹ፣ የልጃቸው፣ የስመኝ ባል የአስናቀም እግር ሲወለድ እንዲሁ እንደነበረ፣ ሲያድግ ግን በራሱ እንደተቃና ደጋግመው ነገሯት። አስናቀ እናቱ ዘወር ሲሉ «የኔን እግር በሕልሟ ነው ያየችው» ብሎ አሳቃት። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። አንዲት ጎረቤት ለመጠየቅ መጥታ፣ እግሩን ገልጣ አይታ፣ «እናቷ ምን ረግጣ ይሆን?» ብላ ነበር። ይህቺ ንግግር ስመኝ ልብ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

ስመኝ ብዙውን ቀን የምትውለው የባሏ እህት ልብስ ከምትሰፋበት ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ ልጇን ታቅፋ ነው። ከተቀመጠችበት ዱካ ላይ ሆና የምታየው የሰው እግር ነው። ቀና ሳትል ማን እንዳለፈ በአረማመዱ ታውቃለች፤ የሚቸኩለውን፣ ጫማ የጠበበውን፣ ዕዳ ያለበት ይመስል ጥግ ጥጉን የሚሄደውን። የሰው ሁሉ እግር ሲያልፍ እያየች አንድ ነገር ብቻ ታስባለች፦ የመባ እግር በዚህ መንገድ ያልፍ ይሆን?

አንድ ቀን አስናቀ የተወላትን መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዛ ጥያቄዋን በኢንተርኔት ፈለገች። የመጣላት ሁሉ በማታውቀው ቋንቋ ነው። በአማርኛ ያገኘችው አንድ መዝገበ ዕውቀት ነበር። ይህንን መዝገብ የሚጽፉት ደመወዝ የሌላቸው፣ የማይተዋወቁ፣ ከሥራ መልስ ትንሽ ትንሽ የሚያዋጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ስለ ወንዙ አለ፣ ስለ አዝርዕቱ አለ፣ ስለ ነገሥታቱ አለ። ስለ ሕፃን እግር ግን የለም። በጎን በኩል ግን «ያልጻፍነው ነገር ካለ እዚህ ጠይቁን» የሚል ገጽ አገኘች።

ገጹ ገበያ ነው። አንዱ የሰፈሩ ኳስ ቡድን ታሪክ ይጻፍልኝ ይላል። አንድ ነጋዴ ስለ ራሱ ሕይወትና ሥራ እንዲጻፍለት ጠይቆ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ የተነሳውን ፎቶ አያይዟል። አንዱ ደግሞ የሚወዷትን ሴት እንዴት መርሳት እንደሚቻል የሚያስረዳ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ከሥሩ ሌላው «ሲጻፍ ለኔም ንገሩኝ» ብሎታል። ስመኝ ፈገግ አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እየሰረዘች እየደለዘች፣ እንዲህ ጻፈች፦ «እባካችሁ እግሩ ወደ ውስጥ ዞሮ ስለሚወለድ ሕፃን በአማርኛ ጻፉልን። ምን ይባላል? ይድናል?»

በማግስቱ መልስ መጣላት። የመለሱላት አቶ ተድላ የሚባሉ፣ ጡረታ የወጡ የመንገድ መሐንዲስ ነበሩ።

«እህቴ፣ እኔ የምጽፈው ስለ መንገድና ስለ ድልድይ ነው፤ የሕፃን እግር ነገር አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ሲመጣ ይጽፈዋል፤ ጥያቄሽ እዚሁ ይቆያል። አንቺ ግን እኛን አትጠብቂ። ልጅሽን ይዘሽ ሐኪም ቤት ሂጂ።»

ስመኝ ከማንም ጋር አልተከራከረችም። እማማ የሽመቤት ቅቤውን ሲያቀልጡ እሷ ልጇን አዝላ ወጣች። አስናቀ ባጃጁን አስነስቶ እስከ መናኸሪያ አደረሳት።

ትልቁ ከተማ ያለው ሆስፒታል ውስጥ የተቀበሏት ሲስተር እጥፍወርቅ የመባን እግር በሁለት ጣታቸው ያዝ፣ መለስ አድርገው አዩት። ከዚያ እናቲቱን ቀና ብለው አይተው፣ «ይሄ ቆልማማ እግር ይባላል። ማንም አልረገመሽም፣ አንቺም የረገጥሽው ነገር የለም። እንኳን በጊዜ አመጣሻት» አሏት። ስመኝ እዚያው አለቀሰች። ስለ እግሩ አልነበረም ያለቀሰችው፤ ስለዚያች ስለ ጎረቤቷ ንግግር ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። በየሳምንቱ እግሯ በእጅ ቀስ ተብሎ እየተቃና በጀሶ ይታሰራል። ጀሶው ሲፈታ እግሩ ትንሽ ወደ ውጭ ዞሯል፤ እንደገና ይታሰራል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ቀን ቀጥ ብሎ ወጣ። ሲስተር እጥፍወርቅ በብረት ዘንግ የተያያዙ ትንንሽ ጫማዎችና አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጥተው ብዙ ነገር አስረዷት። ስመኝ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የሰማችው «ቀጥ ብሏል» የሚለውን ብቻ ነበር።

መባ ቆመች። ከዚያም በልብስ ሰፊዋ ደጃፍ፣ የሰው ሁሉ እግር በሚያልፍበት መንገድ፣ ግድግዳ እየያዘች አለፈች። ያን ዕለት እማማ የሽመቤት «አላልኩሽም? ሲያድግ ይቃናል» ብለው ቤቱን በሙሉ አሳቁት። ጫማዎቹ መጀመሪያ ሰሞን ማታ ማታ በደንብ ተደርገው ነበር። ኋላ ላይ መባ ስትተኛ ማልቀስ ጀመረች፤ ቀጥ ላለ እግር ደግሞ ብረት ምን ያደርጋል ተባለና ቁም ሳጥን ላይ ወጡ። ስመኝም ያንን ገጽ ተመልሳ አልከፈተችውም። ለምን ትከፍተዋለች? መልሷን አግኝታለች።

ጊዜ አለፈ። አንድ ቅዳሜ አስናቀ ከባጃጅ ጓደኛው ጋር ጉማሬ ይዋኛል፣ አይዋኝም፣ በወንዙ ወለል ላይ ይራመዳል እንጂ፣ ተባብለው ተሟገቱ። መዝገበ ዕውቀቱ ቢታይ የሚሉት ነገር አልተጻፈበትም። አስናቀ «እዚያ የምትጠይቂበት ገጽ ላይ ጠይቂልኝ፤ ይሄን ሰው አፉን ላስዘጋው» አላት። ስመኝ እየሳቀች ገጹን ከፈተች።

የራሷን ጥያቄ አየችው። እንዳስቀመጠችው አለ። ከሥሩ ግን ብዙ ሰው ጽፏል።

«እኔም።»

«እኔም ይህንን እፈልጋለሁ።»

«የሚያውቅ ካለ፣ እባካችሁ፣ እኔም።»

መልስ የሚመስል ነገር እየፈለገች ወደ ታች ወረደች። «እኔም» ብቻ ነው። የመጨረሻዋ በዚያው ሳምንት የተጻፈች ነበረች፦ «የኔ ልጅ ገና አራስ ነው። አማቴ ሲያድግ ይቃናል ይላሉ። እውነት ነው? እኔ ግን እፈራለሁ።»

የስመኝ ንዴት ፊቷ ላይ ወጣ። እነዚህ ጸሐፊዎች ምን እየሠሩ ነው? ነጋዴው በጥቁር መነጽር ይሳቅ፣ ይህች ሴት ግን እስከ መቼ ትጠብቅ? መጻፍ ጀመረች፦ «ይህን ያህል እናት ሲለምን የሚያውቅ አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል?»

ከመላኳ በፊት አንድ ጊዜ አነበበችው። ቀና አለች። መባ ግቢው ውስጥ ዶሮ እያባረረች ነበር።

የሚያውቅ አንድ ሰው።

ያ የሒሳብ አስተማሪ አጠገቧ የቆመ መሰላት። የጻፈችውን አጠፋችውና ሌላ ጻፈች፦ «እህቴ፣ ዝም ብሎ ሲያድግ አይቃናም፤ ሲታከም ግን ይቃናል። የኔዋ ይኸው ትሮጣለች። ነገ ሳትይ ሐኪም ቤት ውሰጂው።» የጉማሬው ነገር ቀረ። አስናቀ እስካሁን ድረስ ይጠይቃታል።

ለአንዲት እናት መመለስ ግን ለሁሉም መመለስ አይደለም። ስለዚህ ስመኝ ከእርግዝናዋ እስከ መባ ሩጫ ያለውን ሁሉ ጽፋ ለመዝገቡ ላከች። አቶ ተድላ አሁንም አሉ፤ እሳቸው መለሱላት።

«ልጅሽ በመዳኗ ደስ ብሎኛል፤ ለባለቤቴም አነበብኩላት። ነገር ግን መዝገቡ ‹እኔ› ብሎ አይናገርም፤ ያላረጋገጠውንም አይጽፍም። ሐኪሞች ያሳተሙት ነገር በእጅሽ የለም?»

ስመኝ ትንሽ ቅር አላት። አንድ ሁለት ቀን ስልኩን አልነካችውም። በኋላ ግን ያ የታጠፈ ወረቀት ትዝ ብሏት ከክትባት ካርዱ ጋር ካስቀመጠችበት አወጣችው። ለሌላ ሰው ማስረጃ ልታደርገው ስትል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ታች አነበበችው። ከታች በኩል እንዲህ ይላል፦ እግሩ ቀጥ ብሎ ቢታይም ልጁ አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ በእንቅልፍ ሰዓት ጫማው መደረግ አለበት፤ ካልተደረገ እግሩ ተመልሶ ሊዞር ይችላል።

ወረቀቱን አስቀምጣ መባን ጠራቻት። ልጅቷ ወደ እሷ ስትመጣ ዓይኗን እግሯ ላይ አደረገች። የግራ ተረከዟ መሬቱን ደህና አድርጎ አይነካም። የመንገደኛውን ሁሉ አረማመድ የምታውቅ ሴት የገዛ ልጇን እግር በደስታ ብዛት ሳታየው ከርማለች።

በማግስቱ ሆስፒታል ነበሩ። ሲስተር እጥፍወርቅ እግሩን መለስ መለስ አድርገው አዩና፣ «ትንሽ ጀምሯል። ብትቆዪ ኖሮ ከጀሶ እንደገና እንጀምር ነበር። ማን ነገረሽ?» አሏት።

«ለሌላ ሰው ስጽፍ አገኘሁት» አለች ስመኝ።

ሲስተሯ ሳቁ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ስልኩን ተቀብለው የጻፈችውን እያነበቡ የተሳሳተውን አቀኑላት። ለመባም በልኳ አዲስ ጫማ ተሰጣት።

ጽሑፉ ወጣ። አቶ ተድላ ድልድይ እንደሚሠሩ አድርገው ከላይ እስከ ታች አያያዙት። ስመኝ የማታውቀው፣ ሩቅ አገር ያለ ሐኪም ሁለት አንቀጽ ጨመረ። «ሲያድግ በራሱ ይቃናል የሚባለው ትክክል አይደለም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ግን የጻፈችው ስመኝ ናት። ለእማማ የሽመቤት ሲነበብላቸው «እኔን ነው?» ብለው ጥቂት አኮረፉ፤ ከዚያ ስማቸው አለመጠቀሱን ሲሰሙ ደግሞ በዚያ አኮረፉ። ጫማውን ማታ ማታ ለመባ የሚያጠልቁላት ግን እሳቸው ሆኑ፤ እያዜሙ ስለሚያደርጉላት ልጅቷ ማልቀስ ትታለች።

አራሷ እናትም ጻፈች፦ «ዛሬ ጀሶ ገባለት። እግዜር ይስጥልኝ።»

ወዳጆቼ፣ ሰው የጨነቀው ጊዜ በየበሩ ይጠይቃል። መልሱን በአንዱ በር ያገኝና ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በሌሎቹ በሮች የተወው ጥያቄ ግን እዚያው እንደቆመ ነው። ከኋላው የመጣ ሰው እሱኑ አይቶ «እኔም» ብሎ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ሊቅን አይደለም፤ ትናንት እሱ አሁን በቆመበት ቦታ ላይ ቆሞ የነበረና ዛሬ የተሻለውን ሰው ነው። ተመልሶ የመለሰ ደግሞ ባዶ እጁን አይሄድም። ስመኝ ለሌላ ሰው ልጅ ብላ ባትመለስ ኖሮ የራሷን ልጅ እግር መቼ ታየው ነበር? እናንተስ፣ የት ቦታ ጠይቃችሁ፣ መልሱን በሌላ በኩል አግኝታችሁ፣ ሳትመለሱ ቀራችሁ?

ስመኝ የአራሷ መልእክት በመጣ ዕለት ልጇን ካስተኛች በኋላ ገጹን ከፈተች። ከድሮ ጥያቄዋ ጎን «ተጽፏል» ብላ ጻፈች። ስልኩን ልታስቀምጥ አለችና ተወችው፤ ከእሷ ጥያቄ በላይ የጠየቀው ሰው ምን እንደቸገረው ለማየት ገጹን ወደ ላይ መለሰችው።