የሰንበሌጥ አፋፍ መተማመኛ

ሰንበሌጥ አፋፍ በምትባለው ብርዳም የደጋ መንደር ጎጆ የሚወጣ ሰው የአልጋውን ራስጌ በሱፍ ሞልቶ ያለብሰዋል። ዙሪያውን ጥብቅ አድርጎ ይሰፋና ከላይ መሐሉ ላይ፣ በባልና በሚስት ትራስ መካከል፣ እጅ የምታስገባ ቀዳዳ ሳይሰፋ ይተዋል። ይህች ቀዳዳ መተማመኛ ትባላለች። በዛሬው ጊዜ ስፖንጅ የተሞላ፣ ከፋይ የለበሰ ራስጌ ከከተማ የሚያስመጣ ሙሽራ እንኳ ዕቃው እቤቱ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ምላጭ አንስቶ የላዩን ስፌት መተርተር ነው። አንድ የከተማ አናጢ አልጋውን ሊገጥም መጥቶ ይህን ቢያይ፣ ሥራዬን ናቁብኝ ብሎ የቀረበለትን ምሳ ሳይቀምስ ሄደ አሉ። መንደርተኛው ግን በእንግዳ ኩርፊያ ልማዱን የሚተው አይደለም።

ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት፣ በድሮ ዘመን በዚያች መንደር ወንድይራድ የሚባል ሰው ነበር። ወንድይራድ ሠርቶ የማይደክመው፣ ለጎረቤት የሚደርስ ሰው ነበር ይባላል፤ ነገር ግን የገዛ ጥላውን አያምንም። ማር ሲገዛ እንጨት እስከ ገንቦው ሥር ሰድዶ ካላየ አይከፍልም፤ በሩን ዘግቶ ከሄደ በኋላ መንገድ ከጀመረበት ተመልሶ ካልገፋው ልቡ አያርፍም። ሚስቱን ይርገዱን ይወዳት ነበር፤ ይወዳት ስለነበረም ከሁሉ አብልጦ የሚጠራጠረው እሷን ነበር።

በዚያ ዓመት ብርዱ በርትቶ የድንጋዩ ግድግዳ ውርጭ ይተፋ ጀመር። ይርገዱ የባሏ ማጅራት በብርድ ሲያዝ እያየች አዝና፣ እሱ ገበያ በወጣበት ቀን የአልጋቸውን ራስጌ ልታለብሰው ተነሣች። ሱፉን ነድፋ ሞላችው፤ የለፋ ሌጦ ከላይ ወጥራ፣ ዳሩን ከእናቷ በወረሰችው የቀንድ እጀታ ባለው ወስፌ እየበሳች በጠፍር ሰፋችው። ሥራው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ወስፌው ከእጇ ጠፋ። ምንጣፉን አነሣች፣ አመዱን በተነች፣ የለም። የቀረውን ከጎረቤቷ ከእሜቴ ደብሪቱ ወስፌ ተውሳ ጨረሰችው።

ወንድይራድ ከገበያ ገብቶ ራስጌውን ሲያይ ደስ አለው። ደስታው ግን ጋደም እስኪል ድረስ ብቻ ነበር። ራሱን ደገፍ ቢያደርግ አንድ ጠጣር ነገር ከወደ ማጅራቱ ቆረቆረው።

«ውስጡ ምን አለ?» አላት።

«ሱፍ ነዋ፤ ሌላ ምን ሊኖር?»

«የሚቆረቁር ሱፍ አለ?»

«አንተን የማይቆረቁርህ ምን አለ!» ብላ ፊቷን አዞረች።

ይርገዱ እንዲህ የመለሰችለት ያለ ነገር አልነበረም። ደጅ ወጣ ባልኩበት እንደ ልማዱ ከመንገድ ተመልሶ፣ ለሰው አውሼዋለሁ እል እንደሆነ ሊፈትነኝ ወስፌዬን የደበቀው እሱ ነው ብላ ጠርጥራ፣ ራሱ እስኪያወጣው ድረስ ትንፍሽ ላትል ምላ ነበር። ወንድይራድ ይህን አያውቅም። የእሷን ኩርፊያና ያንን ጠጣር ነገር አንድ ላይ ቋጠራቸውና፣ መድኃኒት አሠርታብኛለች ብሎ ደመደመ። ከዚያ ወዲህ እሷ ካልጎረሰች አይጎርስም። አንድ ቀን ደግሞ ከደጅ ሲገባ ቀልቀሎውን ገልብጣ ስትበረብር አገኛት።

«ምን ጠፋሽ?»

«ምንም።»

በዚህ ቀልቡ ጨርሶ ተገፈፈ። ትራሱን አንሥቶ ወደ ግርጌ አዞረና እግሩን ወደ ሚስቱ ራስ ዘርግቶ ይተኛ ጀመር። ጠዋት እሳት ልትጭር የመጣች ሴት ትራሱን ግርጌ አይታ ወጣች፤ እሳቱ እቤቷ ሳይደርስ «መድኃኒት ቢሠራበት ነው» የሚለው ወሬ መንደሩን አዳረሰው ይባላል።

ይርገዱ አፈረች፤ ከማፈር አልፋ ተቃጠለች። ወንድይራድ ቢላ ይዞ ወደ ራስጌው ሲጠጋ መንገዱ ላይ ቆመች።

«ልትቀደው ትችላለህ፤ አልጋው አልጋህ ነው። ግን ሰው ይጠራና ሰው ይይልኝ። መድኃኒት ከወጣበት እንደፈረዳችሁ። ካልወጣበት እኔ ወዳባቴ ቤት ነኝ።»

ሽማግሌዎች ተጠሩ፤ እሜቴ ደብሪቱም መጥተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ወንድይራድ ስፌቱን የተረተረው አንድ በአንድ፣ ቀስ እያለ ነበር፤ እውነት ሆኖ ቢገኝ ከይርገዱ ጋር መለያየቱ እንደሆነ ያውቃልና። ሱፉን ሲስበው አንድ ነገር ቋ ብሎ መሬት ወደቀ። ሽማግሌዎቹ አማተቡ፤ አንደኛው «አትንኩት!» ብሎ ወደ በሩ ሸሸ። ይርገዱ ግን ዘልላ አነሣችው።

«ወስፌዬ! የእናቴ ወስፌ! እኔ እኮ ይሄ ሰው ደብቆብኝ ነው ብዬ ቀልቀሎውን ሁሉ...» ብላ ልታቆም ብትሞክር ነገሩ አመለጣት።

«እኔ? በገዛ ቤቴ ሌባ?» አለ ወንድይራድ። እንዲህ ይበል እንጂ ከላዩ ተራራ የተነሣለት ያህል ቀልሎት ነበር፤ አልቅስ አልቅስ አለው። ሆኖም እጁ አላረፈም። ሁሉም እያዩት ወደ ሱፉ ተመለሰና እስከ ጥጉ ድረስ ይዳብስ ጀመር።

ይርገዱ ይህን ስታይ ነጠላዋን አንሥታ ወደ በሩ ሄደች።

«ተመለሺ» አሉ እሜቴ ደብሪቱ። «እሱ ራስጌሽን ፈተሸ፤ አንቺስ ቀልቀሎውን አልፈተሽሽም? ከሁለታችሁ ማን በማን ተቀይሞ ነው የሚሄደው?» ይርገዱ ከበሩ ተመለሰች። አሮጊቷም ቀጠሉ፤ «በይ በወስፌሽ መልሰሽ ስፊው። መሐሉን ግን ለእጅ ተይው። የጠረጠረ እጁን ይስደድ እንጂ ሁለተኛ በዚህ ቤት ቢላ እንዳይነሣ።»

እንዳሉት ሆነ። ወንድይራድ ትራሱን ወደ ራስጌ መለሰ፤ በዚያች ቀዳዳም እጄን አላስገባም ብሎ በሽማግሌዎቹ ፊት ማለ። ምን ዋጋ አለው፣ ሰውዬው ወንድይራድ ነው። አንድ ማለዳ፣ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ፣ ይርገዱ የተኛች መስሎት እጁን ቀስ አድርጎ ሰደደ። ሱፉ ውስጥ የሞቀ ነገር ነካ። ጣቶች ነበሩ።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት ደንግጦ።

«አንተ የምትደብቀውን። አንተስ?»

«እኔም አንቺ የምትደብቂውን።»

ሁለቱም እጃቸውን አላወጡም። ላሞቹ አውጡን ብለው እስኪጮኹ ድረስ እንደዚያው እንደተያያዙ ቆዩ ይባላል። ይህን ማን እንዳየላቸው ሽማግሌዎቹ አይናገሩም፤ ብትጠይቃቸውም ይቆጣሉ። ወንድይራድ ከዚያ በኋላ ሰው ማመን ጀመረ የሚል ግን አንድም የለም፤ የማሩን ገንቦ እስኪሞት ድረስ በእንጨት ሲያማስል ኖሯል።

በሰንበሌጥ አፋፍ ዛሬም ሙሽራው በቀኝ ሙሽሪት በግራ ሆነው እጃቸውን በመተማመኛዋ ይሰድዳሉ፤ ጣታቸው ሱፉ ውስጥ ሲገናኝ ቤቱ በእልልታ ይናጋል። ከዚያ በፊት ግን የሙሽራው እናት ሰው ሁሉ እያያት እጅጌዋን ትሰበስብና እስከ ክንዷ አስገብታ ራስጌውን ከጥግ እስከ ጥግ ትዳብሳለች። ምን እንደምትፈልግ ሲጠይቋት ቀና እንኳ ሳትል «ወስፌ» ትላለች።