አቶ ይመር የጨፈሩበት ካሴት

በአንድ ወቅት፣ ጉም እንደ ጎረቤት ሳያንኳኳ በሚገባባት በደሴ ከተማ፣ ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ እናት ነበሩ። ባላቸው አቶ ይመር የእድር ዳኛ ናቸው። ሲስቁ ያየ ሰው የለም፤ አየሁ የሚል ቢገኝም ምስክር አይቆምለትም።

ወይዘሮ ደብሪቱ ግን በሠርጋቸው ዕለት ባላቸው እስክስታ ሲወርዱ አይተዋል። ያ ቀን የተቀረጸበት አንድ የቪዲዮ ካሴትም አላቸው። ማጫወቻው ተበላሽቶ ከተጣለ ወዲህ ግን አቶ ይመር ነገሩን ካዱ።

«እኔ? ትከሻዬን? ከሌላ ሰው ጋር አምታተሽኝ ነው!»

በሠርጋቸው ሌላ ሙሽራ እንዳልነበረ ወይዘሮ ደብሪቱ ያውቃሉ። ቢሆንም፣ ዳኛ በየዓመቱ «ተሳስተሻል» ሲል የማይጠራጠር ማን ነው? በገዛ ደስታቸው መጠራጠር ሲጀምሩ ሦስቱን ልጆቻቸውን ሰበሰቡ።

«አባታችሁ ሲጨፍር ዳግመኛ ላሳየኝ፣ ካሴቱን መርቄ እሰጠዋለሁ» አሉ።

ቃላቸውን ሰጥተው ካሴቱን ከልብስ ሣጥኑ ቢያወጡት እርጥበት እርጥበት ይሸታል። የሚያውቁትን መድኃኒት አደረጉ፤ በሰፌድ ላይ ከበርበሬው ጋር ፀሐይ ላይ አሰጡት።

የመጀመሪያ ልጃቸው ሰይፉ ደረሰ።

«እማዬ! ካሴት ከበርበሬ ጋር ይሰጣል?»

«የረጠበ ነገር በምን ይደርቃል ታዲያ?»

«ይጣመማል እኮ!»

አነሣው፤ የበርበሬውን ፍሬ እፍ ብሎ አራገፈው፤ በፌስታል ላይ ፌስታል ደርቦ ጥብቅ አድርጎ ቋጠረው። ከዚያም ግድግዳው ጥግ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ እንደ መጽሐፍ አቁሞ ቆለፈበትና ቁልፉን አንገቱ ላይ አሰረ። ካሴቱን ከፀሐይም፣ ከአቧራም፣ ከእናቱም አዳነው።

ክረምቱ አልፎ ቢከፈት፣ አብሮ የተቋጠረው እርጥበት ሥራውን ሠርቷል፤ የካሴቱ ክር ጥቅል ጠርዙ ላይ ነጭ ሻጋታ አብቅሏል።

ሁለተኛዋ ልጅ ጥሩዓለም ልብስ ሰፊ ናት። ወንድሟን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ጠብቅ ተባልክ እንጂ ጥንስስ ጣል ተባልክ?»

አፍንጫዋን በሻሽ አስራ፣ ብሎኑን ፈትታ፣ ክሩን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ስንዝር በስንዝር ጠረገችው። አንድ ቦታ ላይ ሻጋታው በልቶት ነበርና በመቀስ ቆርጣ፣ የቀረውን ጫፍ ከጫፍ አጋጥማ በስስ ፕላስተር ቀጠለችው። አሮጌው ሽፋን ስለተሰነጠቀ ጥቅሉን ወደ ሌላ ካሴት ሽፋን አዛወረችው፤ በጀርባው ላይ «ዘመናዊ የንብ እርባታ» ይላል። ሠርጉ እስከ ዛሬ የሚኖረው እዚያ ውስጥ ነው።

የቀረው ማጫወቻ ነበር። የመጨረሻው ልጅ ይታገሱ ከተማውን ዞሮ ዞሮ አንድ ጎሚስታ ቤት ውስጥ ማጫወቻ አገኘ፤ ባለቤቱ እንደ በርጩማ ተቀምጦበታል።

«ይሠራል?» አለው።

«ለመቀመጫነቱ እኔ ዋስ ነኝ» አለ ሰውየው።

ይታገሱ የሚወዳትን ብስክሌቱን ሰጥቶ ማጫወቻውን በትከሻው ተሸክሞ መጣ። የእናቱን ካሴት እንዳይበላበት በመጀመሪያ ሌላ ካሴት አጉርሶ ሞከረው። ሠራ።

እሑድ ከሰዓት ቤቱ በዘመድ ሞላ። አቶ ይመር ጋቢያቸውን አጣፍተው ክስ ሊሰሙ እንደሚሰየሙ ሆነው ተቀመጡ። ይታገሱ ካሴቱን አጎረሰው፤ ድንገት ቴሌቪዥኑ ላይ ጎፈሬውን ያበጠረ ወጣት ይመር ብቅ አለ፤ ገና ከመታየቱ ትከሻው ይንቀጠቀጣል!

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ ደብሪቱ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። አቶ ይመር ግን ወደ ምስሉ ጎንበስ ብለው፣

«መግቢያው የታለ?» አሉ።

«የቱ መግቢያ አባዬ?»

«ትከሻ ዝም ብሎ አይነሣም! መጀመሪያ አንገት ይቀድማል። ይሄ ለምን ከመሃል ይጀምራል? ሰው ምን ይለኛል?»

ጥሩዓለም አንገቷን ደፋች፤ የቆረጠችው እዚያ ላይ ነበር።

አቶ ይመር ጋቢያቸውን ወንበሩ ላይ ጥለው ተነሡ። «እንዲህ ነው!» ብለው አንገታቸውን ሰበቁ፤ አንገት ትከሻን ጠራ፤ ትከሻም ከነክህደቱ መጣ። ወይዘሮ ደብሪቱ እልልታውን አቀለጡት። አልተሳሳቱም ነበር።

ልጆቹ ወዲያው በካሴቱ ተካሰሱ።

«እኔ ባላነሣው በርበሬ ሆኖ ይቀር ነበር» አለ ሰይፉ።

«እኔ ባልቆርጠው አባዬ ከወንበሩ ይነሣ ነበር?» አለች ጥሩዓለም።

«እኔ ባልኖር በጥርሳችሁ ልታጫውቱት ነበር?» አለ ይታገሱ።

አቶ ይመር እያለከለኩ እጃቸውን ዘረጉ። «የጨፈርኩት እኔ ነኝ፤ ያኔም፣ አሁንም። ወዲህ በሉት!»

ወይዘሮ ደብሪቱ ካሴቱን ጭናቸው ላይ አድርገው «ነገሩ ይጣራል» አሉ። ከዚያ ወዲህ እሑድ በመጣ ቁጥር ከሳሾቹ ይሰበሰባሉ። ማስረጃ ሳይታይ አይፈረድምና ካሴቱ ይታያል፤ የተቆረጠውንም አቶ ይመር ተነሥተው ያሟላሉ። ፍርዱ እስካሁን አልተሰጠም፤ ወይዘሮ ደብሪቱም አልቸኮሉም።

እናንተ ብትሆኑ ግን፣ ካሴቱ ለማን ይገባል ትላላችሁ? ላዳነው፣ ለቆረጠችው፣ ላጫወተው ወይስ ለጨፈሩት?